ተደጋጋሚ የተባሉት ዋሽንቶች

ትምህርት ሲዘጋ እናቴ «ቤት ተኝተሽ አትከርሚም» አለችና ሚዛን ተፈሪ ወዳለው ትንሽ ሙዚየም ሰደደችኝ። ሥራዬ ዕቃዎቹን ፎቶ እያነሳሁ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነው። ኃላፊው ጋሽ እንድርያስ የዕቃውን ስም፣ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚሠራ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ብቻ ይቸኩላሉ።

አያቴ ሳህሉ ከሸዋ ቤንች አምጥተው ለሙዚየሙ የሰጧቸው ስድስት የቀርከሃ ዋሽንቶች ጋ ስንደርስ ጋሽ እንድርያስ አንዱን አገላብጠው አዩ።

«ይህን መዝግቢ። የቀሩት ተደጋጋሚ ናቸው። ማሻና ቴፒ ላሉት ሙዚየሞች እናካፍላቸዋለን።»

«ጋሼ፣ ቆሎ ነው እንዴ የምናካፍለው?»

«ማራናታ፣ አፍሽን ትተሽ በጣትሽ ሥሪ።»

ምሳ ላይ ለአያቴ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከትሪው አነሱ።

«ተደጋጋሚ? እያንዳንዱ እኮ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስድስት ሰው በየተራው ሲነፋ ነው ዜማ የሚሆነው። ጓደኞቼ ሲሞቱብኝ ከየቤታቸው ለምኜ የሰበሰብኳቸው እንዳይበተኑ ብዬ ነው። ከተበተኑማ ዜማው ከኔ ጋር ተቀበረ ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ አልበሉም። ባጃጅ ይዘን ተመለስን።

ጋሽ እንድርያስ ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው፤ በሐሳባቸው ግን ጸኑ። «አባት፣ ለማሻ ቃል ገብቻለሁ። ደግሞስ መስታወት ውስጥ የሚቀመጥን ዕቃ ማን ይነፋዋል ብለው ነው?»

አያቴ አልተከራከሩም። ዋሽንቶቹን አንሥተው ማደል ጀመሩ። አንድ ለጋሽ እንድርያስ፣ አንድ ለኔ፣ አንድ ለጥበቃዋ ለእትዬ ወለላ፣ ሁለቱን ደግሞ ሊጎበኙ ለመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ወፍራሙን ለራሳቸው አስቀሩ።

«በጣቴ ስጠቁማችሁ ትነፋላችሁ። ሳልጠቁም የነፋ ወየውለት!»

መጀመሪያ ላይ የታመመ በግ ነበር የምንመስለው። ጋሽ እንድርያስ ሁልጊዜ ይዘገያሉ።

«ኧረ ጋሽ እንድርያስ፣ ተራዎ አለፈ!» አለች እትዬ ወለላ። «ደብዳቤ የሚፈርሙ መሰለዎት እንዴ?»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ስንደጋግመው ድምፁ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ መጣና ድንገት ዜማ ሆነ። አያቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጣታቸው ግን መጠቆሙን አልተወም።

ስናበቃ ጋሽ እንድርያስ «የኔ ባይኖርስ?» አሉ።

«እርስዎ አይንፉና ይስሙት» አሉ አያቴ።

ያለሳቸው ነፋን። ተራቸው ሲደርስ ዜማው እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆነ። ጋሽ እንድርያስ በእጃቸው የያዙትን ቀርከሃ አዩት።

«ጻፊ» አሉኝ። «ስድስቱ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ቁጥራቸውም አንድ ይሁን። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚነፋ አባትን ጠይቀሽ አስገቢ። ድምፁንም በስልክሽ ቅጂ።»

ከዚያ ወደ ማሻ ደወሉ። «ዋሽንቱን አንልክም። እናንተ ስድስት ሰው ላኩልን፤ እዚሁ ይማራሉ… ኧረ አበል የለውም!»

«ትንፋሽ ያላቸው ይሁኑ በሏቸው» አሉ አያቴ ከጎን። ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቁና ወደኛ ዞሩ። «እነሱ እስኪመጡ እናንተ አላችሁ። እስቲ ቁሙ፣ እንድገመው። ማራናታ፣ አንቺ ደግሞ ጉንጭሽን እንደ እንቁራሪት አትንፊ።»