የቬጅዲ ነፋስ

ባሌ ቬጅዲ ጀልባዋን የገዛው ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው፤ እኔንም አብሮ የገዛኝ ይመስለው ነበር። እሱ ካፒቴን፣ እኔ ሻይ አፍይ።

በዚያ ሳምንት በቱርክ ዳርቻ፣ ከዳትቻ ተራሮች ሥር፣ መንገድ በማይደርስባት ወሽመጥ መልህቅ ጥለን ተቀምጠናል። ነፋሱ ከተራራው ላይ እየተወረወረ ይመጣና ጀልባዋን ወዲያና ወዲህ ያላጋታል፤ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ አይቆምም። ቬጅዲ የነፋስ መለኪያውን በጣቱ እያንኳኳ፣ «አየሽ? እዚህ ተጠልለን እንዲህ ከሆነ፣ ውጭ ምን እንደሚሆን አስቢው» ይለኛል።

እኔ የማስበው ወንድሜን ነው። ሳቢህ ማርማሪስ ሆስፒታል ተኝቷል፤ የልብ ቀዶ ጥገና ሊያደርጉለት ነው። ስልካችን እዚህ መሥራት ከማቆሙ በፊት፣ «ከመግባቴ በፊት ፊትሽን ልየው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብሎኝ ነበር። ሳቢህ ሰው ለምኖ አያውቅም፤ አንጀቴን በላው።

እሱና ቬጅዲ ድሮ አንድ ጀልባ በጋራ ነበራቸው። ቬጅዲ ከድንጋይ ጋር አላተማትና በወደቡ ሰው ሁሉ ፊት ጥፋቱን በሳቢህ ላይ አላከከ። ሳቢህም ለእኔ ሲል ዝም አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን የተወጋው ረሳ፣ የወጋው ነው ያልረሳው። ከዚያ ወዲህ ቬጅዲ የወንድሜን ዓይን ማየት አይችልም።

«ቬጅዲ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንሞክረው» አልኩት።

«ባሕር በሞቴ አይገባውም።»

«እሺ በጎማ ጀልባዋ ዳር አድርሰኝ፤ ተራራውን በእግሬ ልውጣው።»

«በዚህ ጉልበትሽ? ፍየል የሚንሸራተትበትን?»

በባለሸራ ጀልባ የሚዞሩ ሰዎች ያልተጻፈ ደንብ አላቸው። እሄዳለሁ የሚለውን ካፒቴን ሁሉም ይከራከረዋል፤ እቆያለሁ የሚለውን ግን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የቆየ ሁሉ ጠቢብ ነው። ቬጅዲ ይህን ደንብ እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛበት።

ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ገብታ አጠገባችን መልህቅ ጣለች። ባለቤቱ ባርላስ የሚባል፣ ከሚስቱ ጋር የሚዞር ወጣት ነው። የጎማ ጀልባውን እየቀዘፈ መጣና ዳቦ አቀበለኝ።

«እትዬ፣ የዛሬ ነው፤ አሁንም አልደረቀም።»

«አላህ ይስጥልኝ። በዚህ ማዕበል እንዴት ደፍራችሁ መጣችሁ?»

«የምን ማዕበል?» ሳቀ። «ውጭማ ለስላሳ ነው፤ ሚስቴ መንገዱን ሙሉ ተኝታ ነው የመጣችው። እዚህ ውስጥ ብቻ ነው ከተራራው የሚወርድባችሁ። ይሄን ካፒቴኑ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ትናንት በራዲዮ ጠይቆኝ ነግሬው የለ?»

ከዚያ ፊቴን አየና አፉን ያዘ።

ቬጅዲ ከፊት፣ ከመልህቁ ሰንሰለት ላይ አጎንብሶ ምንም ያልተበላሸ ነገር ይነካካል።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

ቀና አላለም። «እዚያ አልጋ አጠገብ ቆሜ ምን ልበለው ሙዘየን? በዚህ ዕድሜዬ፣ ነርሶች እያዩኝ ይቅርታ ልለምን?»

«እኔን ወደቡ ላይ አውርደኸኝ አንተ ብትቀርስ?»

«ያኔ ደግሞ ፈርቶ ቀረ ይባላላ!»

አልጮህኩም። ጩኸትም ለሚሰማ ሰው ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ባርላስን፣ «ማርማሪስ አድርሰኝ፣ ልጄ» አልኩት። ምሳቸውን እንኳ ሳይበሉ መልህቅ አነሡ። ቬጅዲ ከኋላዬ «ሙዘየን! መድኃኒትሽን ረሳሽ!» እያለ ይጣራል። አሳቢ ባል!

ከወሽመጡ እንደወጣን ነፋሱ ጸጥ አለ። ባሕሩ ሕፃን እንኳ ሳይፈራ የሚዋኝበት ነበር። ትንሽ እንደሄድን ስልኬ ነፍስ ዘራ፣ ወዲያውም ጮኸ። የሳቢህ ልጅ ኤርታን ነው።

«አክስቴ...» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። «ዛሬ ጠዋት አስገቡት። በሕይወት አልወጣም።»

የምይዘው አጥቼ የሸራውን ገመድ ጨበጥኩ።

«እስኪወስዱት ድረስ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር» አለ ኤርታን። «እኔማ ቬጅዲ ነው ሆን ብሎ ያስቀራት ብዬ ተሳደብኩ። አባዬ ተቆጣኝ። ‹ነውር ነው! መንገድ ቢኖር ቬጅዲ ተሸክሟትም ቢሆን ያመጣት ነበር፤ ነፋሱ ቢከፋ ነው› አለኝ። እንደዚያ ብሎ ነው የገባው። አክስቴ፣ እውነት ነፋሱ እንደዚያ ክፉ ነበር?»

ባርላስ ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ሸራው ነፋስ አጥቶ ተንጠልጥሏል። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ቬጅዲን ውሃ ይውሰደው፣ ለእሱ አዝኜ አይደለም። ግን ወንድሜ በምድር ላይ በመጨረሻ ያመነውን ነገር ውሸት ነው ማለት አቃተኝ።

«ክፉ ነበር፣ ልጄ» አልኩት። «እንደዚያ ያለ ነፋስ አይቼ አላውቅም።»