የሸዋንግዛው ወገብ ልክ

1.

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። መስኮቱን እከፍታለሁ፤ የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ቤት የሚገባ ከሆነ መልሼ እዘጋዋለሁ። ባለቤቴ ሸዋንግዛው ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል። ቁርስ ሳይቀምስ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ ክብደቱን አነባለሁ። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትሩን ከሚስማሩ ላይ አውርጄ በእምብርቱ ትይዩ አዞርበታለሁ።

"ቀጥ አድርገሽ ያዢው" ይላል።

"ቀጥ ብሏል።"

"ስንት ነው?"

እነግረዋለሁ። ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። ሻይ እጥዳለሁ።

ለአምስት ወር ያህል ጠዋታችን ይህ ነበር።

2.

በመጨረሻዎቹ ሃያ አምስት ቀናት የነገርኩትና የጻፍኩት አንድ አልነበረም። ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል፤ አንባቢ በኋላ እንዳይታዘበኝ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያላነበበውን ቁጥር ለሚጽፍ ተማሪ የምሰጠው ውጤት አንድ ነበር።

ዜሮ።

3.

የካርድ ክፍል ቅጽ

ስም፦ ሸዋንግዛው አደፍርስ
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ የመንገድ ቀያሽ፣ ጡረተኛ
አድራሻ፦ ደሴ
ችግሩ፦ የሆድና የእግር እብጠት
ከመቼ ጀምሮ፦

የመጨረሻውን መስመር መሙላት የኔ ፈንታ ነበር። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ባዶውን ሰጠሁ።

4.

ከመቼ ጀምሮ፦

በታኅሣሥ ሱሪዎቹን ይዘን ጋሽ ኑሪ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ኑሪ ሰፈራችን ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከሸዋንግዛው ጋር ሳይነካኩ ውለው አያውቁም።

ጋሽ ኑሪ፦ አሁን ደግሞ ይስፋ ነው የምትሉኝ?

እኔ፦ ሁለት ጣት ያህል።

ጋሽ ኑሪ፦ ኧረ ቲቸር፣ እጅሽ ይባረክ! የኔዋ ስንት ዓመት ቀልባኝ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ አላለፈም።

ሸዋንግዛው፦ አንተ ምቀኛ ስለሆንክ ምግብ አይያዝልህም።

ጋሽ ኑሪ፦ ምን እቀናለሁ! ጡረታ ተስማማህ በቃ። ቦርጭ ማዕረግ ነው፤ ወዛደር ሆነህ ኖረህ ይኸው አሁን ሥራ አስኪያጅ መሰልክ።

ሳቅሁ። ኮርቼም ነበር። ክንዱ መቅጠኑን አይቻለሁ፤ ሆዱን እንጂ ክንዱን የሚቆጥር ሰው ግን አልነበረም።

በየካቲት እንደገና ሄድን። በሚያዝያም። በሦስተኛው ጋሽ ኑሪ ሱሪውን ገለበጡና የውስጥ ስፌቱን አሳዩኝ።

"ቲቸር፣ ከዚህ በላይ ጨርቁ ትርፍ የለውም።"

5.

ዶክተር ብሌን ከልጃችን ታንሳለች። በጀርባው አስተኛችው። አንዱን ጣቷን ሆዱ ላይ አስተኝታ በሌላኛው መታ፣ መታ አደረገችው። መሃል ላይ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ወደ ጎን ስትወርድ ድምፁ ድፍን ሆነ። ድምፁ የተለወጠበት ላይ በብዕር አሰመረች። በጎኑ አዙራው ጥቂት ጠበቀችና ደግማ መታች። ድፍኑ ድምፅ ቦታውን ለቆ ነበር።

ሸዋንግዛው፦ ዶክተር፣ ምን እየፈለግሽ ነው?

ዶክተር፦ ፈሳሽ ካለ ሲዞሩ አብሮ ይዞራል፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚተኛው።

ሸዋንግዛው፦ ይሄማ የኛ ሥራ ነው! አርባ ዓመት ውሃ ልክ ስጠብቅ ኖሬ ለካ ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው።

ዶክተር፦ (እየሳቀች) ሥራችን ከተመሳሰለ ያግዙኛላ።

ሸዋንግዛው፦ ሁለቴ አንብቢ። በአንድ ንባብ መንገድ አይሠራም።

ለሁለተኛው ንባብ አልትራሳውንድ አዘዘች። ለሦስተኛው በቀጭን መርፌ ጥቂት ፈሳሽ ቀድታ ላቦራቶሪ ላከች።

6.

ችግሩ ከጉበቱ መሆኑን ነግራን "ይጠጣሉ?" ስትለው በእሱ ፈንታ እኔ ተቆጣሁ። ሰው ጉበት ሲባል መጠጥ ያስባል፤ ይህ ሰው ደግሞ ሠርግ ላይ እንኳ ብርጭቆውን ለጎረቤት የሚያሳልፍ ነበር።

"ለሁሉም ነው የምጠይቀው፣ እናቴ" አለችኝ።

በወጣትነቱ፣ መንገድ ሥራ ካምፕ ሳለ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። የወፍ በሽታ አሉት፤ ቅጠል አጠጡት፤ ዓይኑ ነጣ፤ ተረሳ። በሽታውን ያመጣው ቫይረስ ግን አልረሳውም። ጉበቱን ለዓመታት ሲያጠቃ ኖሮ ጠባሳ አድርጎታል። ደሙ በጠባሳው ውስጥ ማለፍ ሲቸግረው ውሃው ወደ ሆድ ይወጣል።

እንዲህ አድርጋ ነው ያስረዳችን። ገባኝ። የገባኝ ነገር ሁሉ ግን አልጠቀመኝም።

7.

በዚያው ሳምንት ከሆዱ ስድስት ሊትር ውሃ ቀዱለት። መልኩ ቀጠን ያለ ሻይ ነው። ሲቀዳ በክንዱ ፕሮቲን የሚተካ መድኃኒት ይንጠባጠብለት ነበር። እኔ ጠርሙሶቹን እቆጥራለሁ። እሱ ጣሪያውን እያየ፣

"ይህን ያህል ውሃ ጭኜ ነው የሐረጎን ዳገት በእግሬ ልወጣ ያሰብኩት?" አለ።

ወገቡ ከ108 ወደ 96 ወረደ።

8.

አንቺ ይህን የምታነቢ፣ ቤትሽ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፦

በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት መዝኚው፤ በአንድ ሚዛን። ሽንት የሚያሸናውን ክኒን በጠዋት ስጪው። የእግሩ እብጠት ከጎደለ በኋላ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ ሲቀንስ ደስ አይበልሽ፤ ኩላሊቱ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ ደውዪ። ለወገብ ሕመም ብሎ ከጎረቤት የሚያመጣውን ማስታገሻ ቀሚው። ካተኮሰው፣ ሆዱን ካመመው፣ ወይም የልጁን ስም እስኪሳሳት ከተምታታበት አትጠብቂ፤ ሆስፒታል ውሰጂው።

ጨው ቀንሺ።

እኔ ጨው ቀንሻለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድስት ውስጥ አንዲት ቅንጣት አልጨመርኩም። ወገቡ ግን ከ96 ወደ 99 ወጣ። ደብተሩን ይዤ ሄድኩ።

ዶክተር፦ ሽሮው የት የተዘጋጀ ነው?

እኔ፦ ቤት። በራሴ እጅ።

ዶክተር፦ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል?

እኔ፦ ገብቶበታል።

ዶክተር፦ በርበሬውስ?

ጨው እህሉ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ነው የሚገባው። ሁልጊዜ። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር፤ እኔም ሳላስበው አደርጋለሁ። በሰሌዳ ላይ የጨውን ቀመር ስንት ሺህ ጊዜ ጽፌአለሁ። ከገዛ ዱቄቴ ውስጥ ግን አልፈለግሁትም።

ያለ ጨው አዲስ አስፈጨሁ። ሸዋንግዛው አንድ ጉርሻ ቀምሶ አየኝ።

"ፀዳለ፣ ይህን ያዘዘችው ዶክተሯ ናት ወይስ ተጣልተናል?"

በነሐሴ መጨረሻ 91 ደረሰ።

9.

1972፣ ሐረጎ ቁልቁለት።

ተማሪዎቼን ጭኜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። መንገዱ መሃል አንድ ቀጭን ሰው ቀይ ጨርቅ ይዞ አውቶቡሱን አስቆመ። ረዳቱ አሞት ቀርቷል፤ መለኪያውን ዘንግ የሚይዝለት የለም።

"ማን ማንበብ ይችላል?" አለ።

"እኔ አስተማሪ ነኝ።"

"እንግዲያው መቆምም ትችያለሽ። ነይ።"

ከመንገዱ ዳር አቆመኝ፤ እሱ ወደ መቀየሻ መነጽሩ ተመለሰ። ነፋሱ ዘንጉን ይነቀንቀዋል። ከሩቅ ጮኸ፦

"ቀጥ አድርገሽ ያዢው!"

ተማሪዎቼ በመስኮት አጨበጨቡ። ለአንድ ወር ክፍል ስገባ ሰሌዳዬ ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይጠብቁኝ ነበር።

የቆምኩበት ቦታ ላይ በኋላ ቤንችማርክ¹ ተከለ። ከተጋባን በኋላ በዚያ ባለፍን ቁጥር መኪና አስቁሞ ይወርድና ድንጋዩን በጫማው ይነካል።

¹ ከፍታው በትክክል የታወቀ የሲሚንቶ ምልክት። ቀያሽ ልኬቱን ከእሱ ይጀምራል፤ ዞሮ ወደ እሱ ሲመለስ ቁጥሩ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስቷል።

10.

ሸዋንግዛው፦ ዶክተር፣ ሐረጎ ልሂድ?

ዶክተር፦ መኪናው ያንገላታዎታል። ወገብዎ ዘጠና ይድረስና እኔው ራሴ እፈቅዳለሁ።

ሸዋንግዛው፦ ቃል ነው?

ዶክተር፦ ቃል ነው።

ሸዋንግዛው፦ ፀዳለ፣ ደብተሩ ላይ ጻፊው።

ጻፍኩት። አንድ ሴንቲ ሜትር ነበር የቀረው።

11.

ከመስቀል በኋላ ቁጥሩ ተመለሰ። 92። 93። ክኒኑ ተጨመረ፤ ኩላሊቱ እምቢ አለ፤ ክኒኑ ተቀነሰ። ዶክተር ብሌን ወደ ኮሪደሩ ጠርታኝ፣ "ከእንግዲህ ቶሎ ቶሎ መቅዳት ሊያስፈልግ ነው" አለች። ያልጨመረችውን ሰማሁ።

መስከረም 30 ጠዋት ሜትሩ 94 ላይ ነበር። ለሐረጎ ጉዞ ጫማውን ሳይቀር አስወልውሎ አልጋው ሥር አስቀምጦት ነበር።

"ስንት ነው?"

"ዘጠና አንድ።"

ደብተሩ ላይ 94 ጻፍኩ። ዶክተሯ የምታየው እውነቱን ነው፤ እሱ የሚሰማው ሌላ። ለመድኃኒቱ የሚያስፈልገው ደብተሩ ስለሆነ የሚጎዳ ሰው የለም ብዬ አሰብኩ። ቀያሽ ማግባቴን ረሳሁ።

12.

ከዚያ በኋላ ሁለቴ ቀዱለት፤ ሁለቴም በቀናት ውስጥ ሞላ። ሐሙስ ጥቅምት 24 ጠዋት ትኩሳት ነበረው። ሊቆም ስላልቻለ ተቀምጦ ለካሁት። 103።

"ቀጥ አድርገሽ . . ." አለና ተወው።

"ቀጥ ብሏል።"

"ስንት ነው?"

"ዘጠና ስድስት።"

"ጥሩ ነው" አለ። ዓይኖቹን ጨፈነ። "ጥሩ ነው፣ ፀዲ።"

ታክሲ ልጠራ ወጣሁ። ከሰዓት በፊት ሆስፒታል ደረስን። ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃ ተመርዞ ነበር።

13.

ዓርብ።

14.

ከአርባው በኋላ ልብሶቹን ለማውጣት ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ሱሪዎቹ ከጋሽ ኑሪ ስፌት ጋር አሉ። ቡናማ ቀበቶው ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ከሚያዝያ ወዲህ ወገቡን አይዞርለትም ነበር።

ስፈታው ከውስጥ በኩል ጽሑፍ አየሁ። ትንንሽ፣ የተስተካከሉ የቀያሽ ቁጥሮች። ቀንና ልክ፣ ቀንና ልክ። የመጀመሪያው መስከረም 30 ነው።

94።

እኔ ሻይ ስጥድ እሱ ሜትሩን ከሚስማሩ ላይ ያወርድ ነበር። ሁለተኛ ንባብ።

ደብተሬን አምጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሃያ አምስት ቀን። በሃያ አራቱ የእሱ ቁጥርና የደብተሬ ቁጥር አንድ ናቸው። በየጠዋቱ እውነቱን እያወቀ "ስንት ነው?" ብሎ ጠይቆኛል፤ በየጠዋቱ ውሸቴን ተቀብሎ ሻዬን ጠጥቷል።

የሐሙሱ ጽሕፈት ይንቀጠቀጣል። ደብተሬ 103 ይላል።

ቀበቶው 96 ይላል።

15.

ሊለካ አቅም አጥቶ የነገርኩትን ጽፎ ይሆናል፤ ሜትሩ እስከተሰቀለበት ለመድረስ ሦስት እርምጃ ያስፈልጋል። ወይም

16.

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ሐረጎ ሄድኩ። ድንጋዩ አለ፤ ሣር ሸፍኖታል። በጫማዬ ነካሁት። ነፋስ ነበር፤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። መስኮቱን እከፍታለሁ። ሚዛኑ ቦታው ነው፤ ሜትሩ ሚስማሩ ላይ ነው፤ ደብተሩ ግማሽ ገጹ ባዶ ነው።

"ስንት ነው?" የሚለኝ የለም።