ወፍራም ዘይት

ሰውየው ራሱ እንደ ሽቦ የቀጠነ ነው፤ የጋራዥ ሰፈር ግን «ጋሽ ወፍራሙ» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙ የወጣለት ከሞተር ዘይት ነው። አሮጌ መኪናም ይምጣለት አዲስ፣ ዘይት ሲቀይር ያንኑ ጥቁር ጀሪካን ያነሳና «ቀጭን ነገር አጠጥተህ ከባድ ሥራ ታሠራዋለህ እንዴ?» እያለ ወፍራሙን ያንቆረቁርለታል። ዕድሜውን ሙሉ ይህ ልማዱ አላሳፈረውም። ካርቡራተር በጆሮው ብቻ እየሰማ የሚያስተካክል፣ በአንዲት ካቻቢቴ ሞተሩን እንደ ድመት እንዲያንኮራፋ የሚያደርግ መካኒክ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ክፉ በሽታ አያጣውም፤ «ተሳስቼ ይሆናል» ማለት ሞት ነው።

ልጁ ፋርማሲስት ናት። ትንሽ አዲስ መኪና የገዛች ጊዜ ጋሽ ወፍራሙ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «ሞተሩ የታለ? ይሄማ የልብስ ስፌት መኪና ነው» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አባዬ፣ እዚህች ላይ እጅህን እንዳታሳርፍ። ዘይቷ ቀጭን ነው፣ ዓይነቱም መጽሐፏ ላይ ተጽፏል።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ በዚህ አቧራና በዚህ ዳገት ነድቶ ያውቃል?»

«እኔስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት እሰጣለሁ?»

ነገሩ በዚሁ ቀረ። በእሷ በኩል ማለቴ ነው።

በእሱ በኩል አልቀረም። ልጅቷ ለሥልጠና ርቃ ስትሄድ መኪናዋን እሱ ግቢ አቁማ ሄደች፤ በየቀኑ ወጣ ገባ ሲል ያያታል። ሆዱ አልችል አለው። ለባዳው ሁሉ የሚያደርገውን ለገዛ ልጁ መንፈግ ግፍ መሰለው። አንድ ቀን ቀጭኑን ዘይት አፈሰሰና ወፍራሙን ሞላላት፤ ፍቅሩን የሚናገርበት ሌላ አፍ ስለሌለው የሞተር ማጠንከሪያ ፈሳሽም ጨመረበት። ለልጅቷ ግን ትንፍሽ አላለም። ተመልሳ መጥታ ወራት ስትነዳት መኪናዋ ኮሽ አላለችም። እሱም በየሳምንቱ እያየ በልቡ «ይኸውልሽ!» ይል ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ልጅቷ ደወለች። ትንሿን ልጇን ይዛ፣ ከተራራው ማዶ ካለው ቁልቁለት በታች ወደሚኖሩት አማቶቿ ልትወርድ ነው።

«በይ ቀስ ብለሽ ንጂ። ስልክም እንዳትነኪ» አላት፣ ሁልጊዜ እንደሚላት።

ረፋዱ ላይ አንድ ባለ ሱቅ መኪናውን እያስጎተተ ጋራዡ ደረሰ። መኪናው ከቀለሙ በቀር የልጅቷ መኪና መንትያ ነው። «የዘይት መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ። የሰው አጥር አቅፌ ነው የቆምኩት» አለ ባለ ሱቁ፣ አሁንም ፊቱ አመድ እንደመሰለ።

ጋሽ ወፍራሙ ሥሩ ገብቶ የዘይት መያዣውን ፈታ። የዘይት ማጥለያው ወንፊት ዓይኑ ጠፍቷል፤ ጥቁር ፍርፋሪ ደፍኖታል። በጣቱ ቆንጥሮ ቢያሸው ለመጥ ለመጥ አለ። ጎማ ነው። ሞተር ሆድ ውስጥ ጎማ ምን ይሠራል?

ሸሪኩን ጠራው። ሸሪኩ ኤሌክትሪሻን ነው፤ የመኪና ኮምፒውተር የሚያነበው እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ቺንጋው ነው ጋሼ፤ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ። የድሮዎቹ ቺንጋቸው በደረቁ ነበር የሚዞረው። የእነዚህ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚዞረው። አሁን አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው፤ ድምፅ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ግን ያልታዘዘለት ዘይት ከገባ ጎማው ያብጥና ይፈረፈራል። ፍርፋሪው የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ፍሬኑን የምታግዘው ፓምፕም የምትኖረው በዚያው ዘይት ስለሆነ እሷም ትታፈናለች። ከዚያ ፍሬኑ ይደርቃል፤ ብትረግጠውም አይዝም።» ወደ ባለ ሱቁ ዞረ። «ማን ነው ይሄን ዘይት ያደረገልህ?»

«ማን ይሆናል? እሱ ራሱ ነዋ!» አለ ባለ ሱቁ፣ በአገጩ ወደ መኪናው ሥር እየጠቆመ። «ማጠንከሪያውን እንዲያውም መርቆ ነው የሰጠኝ።»

ጋሽ ወፍራሙ ክው አለ። ከመኪናው ሥር እንዴት እንደወጣ አያውቀውም። በዘይት በተለወሰ እጁ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። የአባቷን ምክር ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ የምትል ልጅ፣ «ስትነጂ ስልክ አትንኪ» የምትለዋን ብቻ አጥብቃ ይዛለች። የራሱን አሮጌ መኪና አስነስቶ፣ ሸሪኩ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ሲጮህ፣ ከግቢው በረረ።

በረረ አልኩ እንጂ መኪናዋ መብረር አታውቅም። ልጁ መንዳት የተማረችባት፣ እሱ ከራሱ ጤና በላይ የሚንከባከባት፣ ዳገት ላይ ግን እንደ እርጉዝ የምታቃስት ሽማግሌ መኪና ናት። ዳገቱን ስትጀምር የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ማዘንበል ያዘ። በሌላ ቀን ቢሆን ጥግ ይዞ ያሳርፋት ነበር። ዛሬ ግን ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ «በእናትሽ! ዛሬን ብቻ!» እያለ ይለምናታል። መለስ ይልና ፈጣሪውን ይለምናል። «እኔን ውሰደኝ። እነሱ ምን አደረጉህ? እኔን!» ላብ በላብ ሆኖ፣ መሪውን የሙጥኝ ብሎ፣ የኋላ ወንበር ላይ እግሯን እያወዛወዘች የምትዘፍን የልጅ ልጁ ትታየዋለች። ቁልቁለቱን ያውቀዋል። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ምንም።

አፋፉ ላይ ሽቅብ የሚመጣ የጭነት መኪና አገኘ። ጥሩንባውን እያስጮኸ፣ በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን እያውለበለበ አስቆመው።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ነጭ መኪና አላየህም?»

«የተጋጨችዋን? ከታች መታጠፊያው ጋ ናት። ሰው ከቧታል።»

«ሰዎቹስ?» ሊል አፉን ከፈተ። የጭነት መኪናው ጭሱን ለቆበት አለፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደወረደው ቢጠየቅ አይነግራችሁም። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ነጯ መኪና ተራራውን ተደግፋ፣ አንድ ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ ተቦጫጭቆ ቆማለች። ሰው ከቧታል። በሩን ከፍቶ ወረደ።

«አባዬ!»

ልጁ ናት። በእግሯ ቆማለች። ትንሿ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጉንጯ ላይ የእንባ መስመር ደርቆ፣ ሰው የሰጣትን ብስኩት ትቆረጥማለች። ጋሽ ወፍራሙ እዚያው እንደቆመ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጅቷ ሮጣ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ፍሬኑ ደረቀብኝ! በሁለት እግሬ ቆሜበት እንኳ እምቢ አለኝ። አለቀልን ስል አንተ ያስተማርከኝ ትዝ አለኝ። ማርሽ ቀንሺ፣ ሞተሩ ይያዝልሽ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልሽ ሳቢ፣ ካልሆነም ገደሉን ትተሽ ተራራውን ተጠጊ ትለኝ አልነበር? አንተ ባታስተምረኝ ኖሮ አባዬ፣ አንተ ባትኖር ኖሮ...» ከዚያ ፊቷን ትከሻው ላይ እንደቀበረች «ልክ ነበርክ» አለች። «ይሄ አዲስ መኪና እርባና የለውም። ከአሁን በኋላ ካንተ በቀር ማንም አይነካልኝም።»

መኪናዋን ከገዛችበት ቀን ጀምሮ ሊሰማት የተመኛት ቃል ናት። ይኸው፣ መጣችለት።

አልዋሽም፣ ሐሳቡም አብሮ መጣለት። ዝም ቢል ማን ያውቃል? መኪናዋን እሱ ጋራዥ አስጎትቶ፣ ማጥለያውን አጥቦ፣ ቺንጋና ዘይት ቀይሮ፣ ወቀሳውን ለፋብሪካው ትቶ የልጁ ጀግና ሆኖ ይኖራል። ልጁ አሁንም እንዳቀፈችው ነው፤ ልቧ ደረቱ ላይ ድው ድው ሲል ይሰማዋል። በጆሮው ብቻ ሞተር የሚያክመው ሰውዬ ያንን ድምፅ ሊችለው አልቻለም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ዘይቱን ቀየርኩት። ለሥልጠና የሄድሽ ጊዜ። ወፍራሙን አድርጌ። ዘይቱ ነው ቺንጋውን የበላው፣ ፍሬኑን ያደረቀው። ዛሬ ነው ያወቅሁት፤ ስደውልልሽ ነበር...»

እጆቿ ከአንገቱ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ። ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ በጮኸችብኝ ብሎም ተመኘ። አልጮኸችም። የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ፊቱን አየችው።

«ልጄ በየቀኑ ነበር የምትሳፈርባት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ጠይቀኸኝ ቢሆንስ?»

እጇን ዘረጋች፤ የአሮጌዋን መኪና ቁልፍ ሰጣት። ልጇን አንስታ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ እሱንም በዓይኗ ወደዚያው መራችው። የልጅ ልጁ ብስኩቷን ቆርሳ እጁ ላይ አኖረችለት። ልጅቷ ከመሪው ኋላ ተቀምጣ ሞተሩን አስነሳች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። እግሯን ፍሬኑ ላይ አድርጋ ረገጠች። ለቀቀች። ደግማ ረገጠች፣ እስኪበቃት።

መንዳት የተማረችው በዚህች መኪና ነው፤ አባቷ በገዛ እጁ የሚጠግናት መኪና ናት። እስከዛሬ አንድም ቀን ፍሬኗን ሞክራ ተነስታ አታውቅም ነበር።