በሬው ናይሮቢ እስኪገባ

ኳሷ አየር ላይ ቆመች። በረኛው ተወርውሮ እዚያው ተንሳፍፎ ቀረ። ምስሉ ሲመለስ ኳሷ መረብ ውስጥ ነበረች።

«ቆንጂት፣ ኧረ በፈጠረሽ!» አለ ሰሊም፣ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጥሎ። «ዛሬ ከማርሳቢት ልጆች ጋር በኢንተርኔት ውድድር አለን። እንዲህ እየተቆራረጠ ከምንዋረድ ቡቲዬ መንገድ ወደተከፈተው ጌም ቤት እንሄዳለን።»

ሰሊም ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ነው። እሱ ከሄደ የሞተረኛው ጓድ በሙሉ ይከተለዋል። እነሱ ከሄዱ ለቆንጂት ጌም ቤት የሚቀረው ጠዋት የሚከፈት፣ ማታ የሚዘጋ በር ብቻ ነው።

«ባሺር እየሠራው ነው» አለች በደከመ ድምፅ።

የጎረቤቷ ስልክ ጠጋኝ ባሺር ከጠዋት ጀምሮ ዲኤንኤስ የሚሉትን ቁጥር ይቀያይራል።

«ዲኤንኤስ አድራሻ ጠቋሚ ነው» ብሏት ነበር። «ጠቋሚው ጎበዝ ከሆነ ጨዋታው ይፈጥናል።»

«አድራሻውን ካሳየኝ በኋላ የምሄደው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ይሄ ቴክኖሎጂ ነው፣ እህቴ።»

ቀትር ላይ አንድ ቁጥር ሲያስገባ ጨዋታው እንደ ውሃ ፈሰሰ። «ባሺር ፈንዲ! ባለሙያ!» ብለው አጨበጨቡለት። ብዙም ሳይቆይ ግን ኳሷ እንደገና ተንጠለጠለች።

«ቁጥሩ ደክሞታል» አለ ባሺር። «ሌላ ልስጠው።»

ቆንጂት ነፋስ ልትቀበል ወጣች። መስኮቱ ሥር፣ አግዳሚው ላይ፣ የቤቱ ባለቤት አብዱብ ስልካቸውን ከፀሐይ ከልለው ይዘዋል። የከብት ደላላ ናቸው። ለቀትሩ የዙሁር ሶላት መስጊድ ሄደው አሁን መመለሳቸው ነው። ጨዋታው የፈሰሰው እሳቸው በሌሉበት ሰዓት መሆኑ ያን ጊዜ ገባት።

«ልጄ» አሉ፣ «ይሄ በሬ ከጠዋት ጀምሮ ናይሮቢ መግባት አቅቶታል።»

«ከባድ ነው መሰለኝ፣ አባቴ።»

«የጥርሱን ፎቶ ልኬአለሁ፣ የጎኑንም ልኬአለሁ። ገዢው በቪዲዮ ሲራመድ ካላየሁ አላምንም አለኝ።»

የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የሰጠቻቸው ራሷ ናት። የጎረምሳ ጫጫታ አንፈልግም ብሎ ሰው ሁሉ ቤት ሲከለክላት እሳቸው ናቸው ያከራዩዋት። እንዴት አድርጋ ተዉ ትበላቸው?

ስትመለስ ሰሊም ሄልሜቱን አጥልቋል።

«አንድ ቁጥር ብቻ ቀርቶኛል» አለ ባሺር።

«አስገባው» አለችና ስልኳን አውጥታ የይለፍ ቃሉን ቀየረች። የመጫወቻዎቹ መስመር በገመድ ስለሆነ አልነካቸውም። ኳሷ ሳትቆም ከእግር ወደ እግር ሄደች። ሰሊም ሄልሜቱን አወለቀ።

«አላልኩሽም?» አለ ባሺር።

ከውጭ ድምፅ መጣ። «ልጄ! ዋይፋዩ ጠፋ! በሬው እኮ ግማሹ ገብቶ ነበር!»

ቆንጂት በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ዲኤንኤስ እየቀየርን ነው፣ አባቴ። ውድድሩ ሲያልቅ ይመለሳል።»

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

«እኔም በደንብ አላውቀውም» አለችና የወተት ሻይ ልትወስድላቸው ፔርሙሱን አነሳች።