ያልጠና ሶሌታ

የሲሚንቶ ፋብሪካው ኬሚስት ያን ጠዋት መጭመቂያ ማሽኑ ውስጥ ያስገባችው የኮንክሪት ናሙና ከጠበቀችው ቀድሞ ሲፈረካከስ ልቧ ስንጥቅ አለ። ናሙናው የተወሰደው በመሠራት ላይ ላለ ክሊኒክ ጣሪያ፣ ለሶሌታው፣ ከተሞላው ኮንክሪት ነው፤ የከረመውም እዚያው ሕንፃው ላይ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቁርና ዝናብ ሲፈራረቅበት ነው።

ሲሚንቶው የእሷ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በእቶን የሚቃጠለውን የኖራ ድንጋይ በግማሽ ቀንሳ፣ በምትኩ ረገብ ባለ እሳት የተቃጠለ ሸክላ አፈርና ጥሬ የድንጋይ ዱቄት ቀላቅላበታለች። ነዳጁም ጭሱም ይቀንሳል፤ ውሎ ሲያድር ጥንካሬው ከድሮው አያንስም። አንድ አመል ግን አለበት፤ ብርድ ካገኘው ቶሎ አይጠናም። ይህን ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ደጋግማ ነግራዋለች። እሱ ግን ሲሚንቶውን የሚያዩ እንግዶች ጠርቶ ነበርና ጣሪያው እስኪጠና የሚሸከመው ድጋፍ የሚነሳበትን ቀን በድሮው ሲሚንቶ ልማድ ቆረጠ፤ ቀኑም ያው ያ ዕለት ነበር።

የሕንፃው ፎርማን ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ሥራ ከያዘ እህል ውሃ ስለማያሰኘው ሠራተኞቹ «ጥድፌ» ይሉታል፤ እሷም «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እያለች ስታበሽቀው ኖራለች። ደወለችለት፤ አያነሳም። ደገመች፤ አያነሳም። ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ የፋብሪካው መኪና ውስጥ ዘላ ገባች።

ስትደርስ መሃል ላይ የነበሩት የብረት ድጋፎች ተነስተው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሥራ አስኪያጁ ከክሊኒኩ ባለቤትና ሲሚንቶውን ሊገዙ ካሰቡ ሰዎች ጋር ደጅ ቆሟል። ጠጋ ብላ በጆሮው ነገረችው። ፊቱ ዳመነ።

«ዛሬ ይህ ቃል ከአፍሽ ከወጣ፣ ነገ ይህን ሲሚንቶ ማን ይነካዋል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እውነቱን ነው። ከውስጥ ወንድሟ ቀጣዩን ድጋፍ ፍቱት ሲል ተሰማት።

«እንዳትነኩት» ብላ ጮኸች፣ ሁሉም እየሰማ። «ሲሚንቶዬ ገና አልጠናም።»

ጥድፌ ሊስቅ ነበር። ያኔ ከላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ብናኝ ትከሻው ላይ ረገፈ። ቀና ሲል ሶሌታው መሃል ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየ። ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አስወጣ። እሱ ግን ቀረ፤ ጣሪያው ከወረደ ግድግዳውን ገፍቶ ሰው በሚኖርበት የጎረቤት ቤት ላይ ይጥለዋል። አንዱን ድጋፍ አቅፎ ወደ መሃል ጎተተ። ድጋፍ ደግሞ ብቻውን የሚያቆም ሰው የለም፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ያጠብቃል።

እህቱ ገባች።

«እትዬ፣ ውጪልኝ» አላት።

«ዝም ብለህ ያዝ።»

እሱ ብረቱን ቀጥ አድርጎ ያዘ፤ እሷ ማጥበቂያውን በሁለት እጇ ታዞር ጀመር። እንደገና ቀጭ አለ። የድጋፉ ራስ ሶሌታውን ሲነካ ክብደቱ እስከ ክንዷ ወረደ። ሁለተኛውን አቆሙ፤ ሦስተኛውንም። ሲወጡ ጥድፌ አሸዋው ክምር ላይ ዝርፍጥ አለ።

ገዢዎቹ ሳይሰናበቱ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁም ወደ ድሮው ሲሚንቶ ተመለሱ ብሎ አዘዘ። እሷ ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ዝናቡ አባርቶ ለሳምንታት ፀሐይ ከሆነ በኋላ የቀሩትን ናሙናዎች ሞከረቻቸው። ማሽኑ እያቃሰተ ነው የሰበራቸው፤ ጠንተዋል። መሐንዲስ ስንጥቁን መርምሮ አስደፈነው፤ ጥድፌም ድጋፎቹን አንድ በአንድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጣደፍ አነሳቸው። ጣሪያው ንቅንቅ አላለም።

የክሊኒኩ ባለቤት ሌላ ፎቅ ሊደርብበት እንዳሰበና በዚያው ሲሚንቶ እንዲሆን እንደሚፈልግ ነገራት። ያን ሁሉ አይቶ እንዴት እንደደፈረ ጠየቀችው።

«አልጠናም ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አላት። «ጠና ስትዪኝም አምንሻለሁ።»

ያን ሲሚንቶ እንዳትቀላቅል መከልከሏን ነገረችው። ባለቤቱ ሥራ አስኪያጁን ራሱ ሊያናግረው ኮቱን አንስቶ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ እሺ ይበል አይበል ማንም አያውቅም፤ ጥድፌ ግን ሲሚንቶው በብርድ ለመጥናት ስንት ቀን እንደሚፈልግ ከወዲሁ ይጠይቃት ጀመር።