ጣሪያ የማይወጣው ጣሪያ ሠሪ

«ሁለተኛ ጣሪያ አልወጣም ብዬ ማልኩልሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልማልልሽ?»

«የማልከው ሁለት ጊዜ ነው» አለች ሚስቱ። «ሁለቱንም ጊዜ ጣሪያ ላይ ቆመህ ነው።»

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጩ ሳቁን ለመደበቅ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ የሌለ ነገር ይፈልግ ጀመር። ባልና ሚስቱ ጭቅጭቁን ከቤታቸው ይዘውት ወጥተው፣ በመንገድ ሲያፋፍሙት ቆይተው፣ አሁን ሦስት ድሮኖች በተደረደሩበት መስታወት ላይ ዘርግተውታል።

ሰውየው ጣሪያ ሠሪ ነው። ሰፈሩ «ድመቱ» ይለዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ሲራመድ እግሩ አንድ ቀን አልከዳውም ነበርና። ባለፈው ክረምት ግን ወደቀ። ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ የወደቀው ከራሱ ዶሮ ቤት ላይ ነው። ዳሌው ተሰበረ፤ ዶሮዎቹ ደህና ነበሩ። ሚስቱም «ከእንግዲህ የመሰላል አንድ እርከን ስትረግጥ ካየሁ፣ ልብሴን ሰብስቤ እህቴ ጋ ነኝ» ብላ ቁርጡን ነገረችው።

ይህ እንዳለ የክሊኒኩ ጉዳይ መጣ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በገዛ እጁ የከደነው ጣሪያ የመድኃኒት ክፍሉን ያበሰብስ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሾመችው አስተዳዳሪ ደወለችለት። «ጋሼ፣ ሥራዎት እያፈሰሰ ነው። እስከ ዓርብ ከየት እንደሚያፈስ ካላሳዩኝ ሌላ ሰው እጠራለሁ» አለችው። «ሥራዎት» ያለችው አንጀቱ ውስጥ ቀረ። ሌላ ሰው ወጥቶ «የድሮው ሠራተኛ ነው ያበላሸው» ቢል፣ ዳሌው በስድስት ወር ገጥሞለታል፤ ስሙ ግን በየትኛው ሐኪም ይገጥማል? ረዳቱን ልኮት ነበር። ረዳቱ መዶሻ ሲያነሳ የሚስተካከለው የለም፤ ዓይን ግን አልተሰጠውም። ከጣሪያው ሲወርድ «ምን አየህ?» ቢለው፣ «ጣሪያ» አለው።

ድሮን የመግዛቱ ሐሳብ የሚስቱ ነው። ፀጉር ሠሪ ናት። አንዲት ደንበኛዋ ሠርጓን በድሮን እንደምታስቀርጽ ስታወራ ሰምታ፣ «ሰው ሲጨፍር ከላይ የሚያይ ነገር፣ ተኝቶ የዋለ ቆርቆሮ አያቅተውም» አለችው።

«ትልቁን ስጠኝ» አለ ድመቱ ወደ ሻጩ ዞሮ። «ጣሪያ ላይ ነፋስ አለ። ቀላል ነገር ተጠርጎ ይሄዳል።»

«አባቴ፣ ለጀማሪ ትንሿ ናት የምትሻለው። ብትጋጭም ክንፎቿ መከለያ አላቸው። ነፋስ ቢገፋትም ቦታዋን አትለቅም።»

«ምን ይዛ?»

«ከሆዷ ሥር ዓይን አላት። መሬቱን እያየች ባለችበት ትቆማለች።»

«እኔም ስወድቅ መሬቱን እያየሁ ነበር» አለ ድመቱ።

ሻጩ ትንሿን ድሮን አስነስቶ የሱቁን ማራገቢያ ፊቷ ላይ ለቀቀባት። እሷ ትንሽ ተንገዳገደችና ባለችበት ቆመች። ድመቱ ዞራት፤ ከሥር አያት፤ ከላይ አያት፤ በመጨረሻም በአዲስ ሠራተኛ ላይ እንደሚያደርገው ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ «እሺ፣ ትሞከር» አለ።

ልምምዱ የዚያኑ ዕለት፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ግቢያቸው ውስጥ ተጀመረ። ማንሳቱ ቀላል ሆነለት። ጀርባዋን ሰጥታው ስትሄድም እንዳዘዛት ትሄዳለች። ጣጣው ስትመለስ ነው። ፊቷን ወደ እሱ ስታዞር ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆንበታል። በስተግራ ሲገፋት በስተቀኝ ትበራለች፤ ይደነግጥና የባሰ ይገፋታል። ማክሰኞ የፀጉር ቤቱ ፎጣዎች የተሰጡበት ገመድ ላይ ሄዳ ተጠቀለለች። ረቡዕ ዶሮ ቤቱ ላይ ወደቀች።

«እሷም እዚያው!» አለች ሚስቱ፣ በፀጉር ቤቷ መስኮት አንገቷን አውጥታ። ፀጉር ቤቱ የመኖሪያ ቤታቸው የፊተኛው ክፍል ነው።

«ማን ወደቀ?» ብላ ጮኸች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች ደንበኛ። ካስክ ሥር ያለ ሰው መጮኹን አያውቅም። «ባልሽ ነው ደግሞ?»

«የለም፣ ልጁ ናት!»

ሐሙስ ከትልቁ ቤት ጣሪያ ጋር ተላትማ፣ አሸንዳው ውስጥ በጀርባዋ ተንጋላ ቀረች። ረዳቱ መሰላል ይዞ ወጣ።

«ምን ይታይሃል?» አለ ድመቱ ከታች።

«ድሮን።»

«ተመስገን፣ ለውጥ አለ።»

ባትሪ ተቀየረላትና እንደገና ተነሳች። ድመቱ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ሪሞቱን በሁለት እጁ አንቆ፣ ዞራ እስክትመለስ ጠበቃት። ተመለሰች። ፊቷን ወደ እሱ እንዳደረገች በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ መስኮት አመራች። «ግራ! ኧረ ግራ! ግራ ነው የምልሽ!» እያለ ሲለምናት ሚስቱ መቀሷን ደረት ኪሷ ውስጥ ሰክታ ወጣች። «አምጣው ወዲህ!» ብላ ሪሞቱን ቀማችው።

ድሮኗ አየር ላይ ቀጥ አለች።

«ነይ የኔ ቆንጆ» አለቻት። «ቀና በይ። አትነቃነቂ። እንደሱ።» በገመዱና በዛፉ መካከል አሳልፋ፣ ፊት ለፊቷ እያየቻት አምጥታ፣ ከባሏ ጫማ ሥር አስቀመጠቻት።

ድመቱ ጎንበስ ብሎ ድሮኗን አነሳት። «ማን አሳየሽ?»

«ምኑን?»

«ፊቷን አዙራብሽ እኮ ነው ያወረድሻት። ግራና ቀኙ አልተምታታብሽም?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ፀጉር ቆርጫለሁ። ደንበኛዬ በግራ በኩል ቀንሺልኝ ስትል፣ እኔ በቀኜ ነው የምቀንሰው። እንዳንተ ቢምታታብኝ ኖሮ ሰፈሩ በሙሉ ግማሽ ጎፈሬ ይዞ ይዞር ነበር።»

በዚያ ምሽት ድመቱ ራት ላይ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ነገ ጠዋት ፀጉር ቤቱን ብትዘጊው ምን ይመስልሻል?»

«ምን ብዬ ነው የምዘጋው?»

«ያው… እኔን ለማገዝ።»

«ዕቃ ልሸከምልህ?»

«ዕቃውስ ቀላል ነው።»

«ታዲያ ድሮኗን የሚያበራት ማን ሊሆን ነው?» አለች፣ ቃሉን ከአፉ ሳትሰማ እንደማትለቀው በሚያስታውቅ ድምፅ።

ድመቱ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሲጨንቀው የሚያየው እሱን ነው። «አንቺ» አለ።

ዓርብ ጠዋት አስተዳዳሪዋ ከነርሶቿ ጋር ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ጠበቀቻቸው። ሪሞቱን በሚስትየው እጅ ስታይ በቀጥታ ወደ እሷ ሄዳ ጨበጠቻት። «ጋሼ የላኩዎት ጣሪያ ሠሪ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ እንኳ ፀጉር ነው የማውቀው። ጣሪያ ሠሪው ይሄ ነው፤ ጣሪያ አይወጣም እንጂ።»

ነርሶቹ ሳቁ። ድመቱ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገ።

ድሮኗ ተነሳች። ቆርቆሮው የሪሞቱ ስክሪን ላይ ሲዘረጋ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል እግሩ መሬቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ጣሪያ ላይ እንዳለ ሁሉ የሚስማሩን መስመር እየፈለገ፣ ጉልበቱን አጠፍ፣ ክብደቱን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገ።

«ዝቅ አድርጊያት። ዝቅ!»

«ልትልሰው ነው እንዴ?»

«ይበቃል። አሁን ወደ ላይ፣ ቀስ ብለሽ፣ አንድ አንድ ቆርቆሮ።»

«የመድኃኒት ክፍሉ እኮ በወዲያኛው በኩል ነው» አለች አስተዳዳሪዋ።

«ውሃው የሚንጠባጠበው እዚያ ነው፤ የገባው ግን ከላይ ነው። እንጨቱን ተከትሎ ይወርዳል። ቁሚ! እዚያ ጋ ቁሚልኝ!»

ድሮኗ ቆመች። ስክሪኑ ላይ አራት ቀዳዳዎች ታዩ፤ በአራት ማዕዘን የተበሱ፣ ዙሪያቸው ዝጎ ቆርቆሮው እንደ ወንፊት የሆነ። ከቀዳዳዎቹ በላይ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የቴሌቪዥን ዲሽ ቆሟል።

«የኔ ሚስማር መስመሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ እዩት፣ ባለበት ነው» አለ ድመቱ። ድምፁ ሳይታወቀው ጨምሮ ነበር። «አሥራ ስምንት ክረምት አንዱም አልተነቃነቀም። እነዚህን አራቱን ማን በሳቸው?»

ነርሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ነርስ ናት የደፈረችው። «ዲሹ መጀመሪያ እዚያ ነበር። ኳስ ሲታይ ምስሉ እየተቆራረጠ ሲያስቸግር ተዛወረ።»

«ማን ነው አዛውሩት ያላችሁ?» አለች አስተዳዳሪዋ።

«እርስዎ።»

አስተዳዳሪዋ ስክሪኑን እንደ አዲስ መመርመር ያዘች። በመጨረሻም «እንግዲህ ጋሼ፣ ሥራውን ይጀምሩልን» አለች፣ ወደ እሱ ሳታይ።

ድመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ራሱን ነቀነቀ። አንድ የዛገ ቆርቆሮ፣ ሁለትም ሊሆን ይችላል፤ ሚስማር፣ ጎማው አብሮት ያለ፤ ረዳቱ እስከ ምሳ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ የሚያየውን እሱ ከታች ይነግረዋል። ሒሳቡን በከንፈሩ ጨረሰ።

በዚህ መሐል ነርሶቹ ሚስቱን ከበዋት ነበር። «እኛንም አንሺን! አንድ ብቻ!» የላቦራቶሪው ሰው ጋዋኑን እየቆለፈ ወጣ። ዘበኛውም ወንበሩን ትቶ መጣ። አስተዳዳሪዋ መጀመሪያ «የሥራ ሰዓት ነው» አለች፤ ቀጥላ መነጽሯን አውልቃ መሐል ቆመች።

«አገጭ ቀና!» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «አንቺ ዳር ያለሽው ወደ ግራ ጠጋ በይ። የኔን አይደለም፣ ያንቺን ግራ! እንደሱ። ሁላችሁም ወደ ላይ!»

ድሮኗ ከፍ አለች። ስክሪኑ ላይ ግቢው በሙሉ ገባ፤ ቆርቆሮው፣ ወደ ሰማይ የተንጋጠጡ አሥራ ሁለት ፊቶች፣ ባዶው የዘበኛ ወንበር። ከሥዕሉ ጠርዝ አጠገብ አንድ ኮፍያ ባንድ ጎኑ ዘንበል ዘንበል እያለ በበሩ ወጣና ወደ ብረታ ብረት ሱቁ ታጠፈ።

«አንድ ደግሞ!» አሉ ነርሶቹ።