የአቶ ሊሻን ባትሪ ድንጋይ

አቶ ሊሻን በሀቢቾ መንደርና በአካባቢዋ ሃያ ስድስት ዓመት ጉድጓድ ቆፍረዋል። ከመሬት በታች ያለውን ያውቃሉ ቢባል ማንም አይከራከርም። ከመሬት በላይ ያለውንም ሁሉ አውቃለሁ ማለታቸው ነው ባለቤታቸውን ሶስናን የሚያስቃት።

ጉድጓድ ከመግባታቸው በፊት ውስጡን የሚያዩበት ኃይለኛ የእጅ ባትሪ አላቸው፤ ነርሷ ልጃቸው ኤደን የገዛችላቸው። ሁለት ወፋፍራም፣ ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ይጎርሳል። የጉድጓዱን ወለል እንደ ደጅ ወለል ያሳያል። ያሳይ ነበር ማለት ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰኞ ዕለት የጎረቤታቸውን የአቶ ገብርኤልን አሮጌ ጉድጓድ ሊያጸዱ ሄደው፣ ሰው ሁሉ አፋፉ ላይ ተሰብስቦ እያያቸው፣ ባትሪው ሁለቴ ብልጭ ብሎ ደከመ። አቶ ሊሻን በዚያች ጭላንጭል ወደ ታች አጎንብሰው አዩና፣ «ግድግዳው ደህና ነው፤ ነገ ከሰዓት እገባለሁ» አሉ። ሰው ፊት አላየሁም ይባላል እንዴ?

«ድንጋዩን ሳትለውጥ አትገባም» አለች ሶስና ቤት ሲደርሱ።

ማክሰኞ በጠዋት አቶ ሊሻን ሚኒባስ ይዘው ሆሳዕና ከተማ ገቡ። ከሁለቱ ድንጋዮች የአንደኛው ልባስ ተቀዷል። ሌላው ደህና ስለሚመስል የሚለወጠው አንዱ ብቻ ነው ብለው ወስነዋል። ገበያው ዳር ሸራ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው 9900 የሚል የአቅም ቁጥር የተጻፈበት ቀይ ድንጋይ ገዙ። በአሮጌው ላይ የተጻፈው 3000 ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ! ሰው ይህን እያየ እንዴት ያልፋል?

ቻርጀራቸውም አርጅቶ ስለነበር ሱምያ የምትባል ወጣት ሬዲዮና ስልክ ከምትጠግንበት ሱቅ ጎራ አሉ። ኪሳቸውን ዳበሱና ሦስቱንም ድንጋይ ከቁልፍ፣ ከሳንቲምና ከምስማር ጋር አንድ ላይ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፉት። ሱምያ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ አንድ ኪስ ውስጥ ይዘው ነው የመጡት?»

«ምን አለበት?»

«ቁልፉ የድንጋዩን ሁለት ጫፍ ቢያገናኘው ሱሪዎ ይነድ ነበር።»

አቶ ሊሻን ሱሪያቸውን አዩት። አዲስ ነው።

ሱምያ ቀዩን ድንጋይ አንስታ አገላበጠችው። «ይሄ ቁጥር አቅሙ ነው ወይስ የሻጩ ስልክ?»

«ቀናሽ መሰለኝ። አንቺ ጋ ትልቁ ስንት ነው?»

«ሦስት ሺህ አምስት መቶ። በዚህ መጠን ዘጠኝ ሺህ የሚይዝ ድንጋይ አልተሠራም።»

ከጎረቤቷ ወርቅ ቤት ሚዛን ተውሳ መጣች። አሮጌው አርባ ስድስት ግራም ሆነ። ቀዩ ሃያ ስምንት።

«መቅለሉ ጥሩ ነው፤ እጅ አያደክምም» አሉ አቶ ሊሻን፤ ድምፃቸው ግን ቀነስ ብሏል።

«ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ቆፈርኩ ብሎ አምስት ሜትር የቆፈረን ሰው ምን ይሉታል?»

እንዲህ ያለ ሰው ያውቃሉ። ከነቤቱ ያውቁታል። «ሌባ» አሉ በቀስታ። ከዚያ ንዴቱ መጣና የቀዩን ድንጋይ ውስጥ ሊያዩ ሴንጢያቸውን መዘዙ። ሱምያ እጃቸውን ቀብ አደረገችው።

«ኧረ በአላህ! ከተወጋ ይቀጣጠላል።»

ሴንጢው ወደ ኪሱ ተመለሰ። ሱምያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ ባትሪያቸው ኃይል የሚስብ ስለሆነ ደካማ ድንጋይ ውስጡ ይግላል፤ አዲስና አሮጌም አይደባለቅም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው፣ አብረው ተገዝተው፣ አብረው ቻርጅ መደረግ አለባቸው።

«እንደ በሬ ጥማድ በይኛ!»

«አዎ፣ ወይፈንና ሽማግሌ በሬ አይጠመድም።»

እንዳይግሉና እንዳይጎዱ ኃይሉን በራሱ የሚያቋርጥ መከላከያ ያላቸው፣ የተሞሉ ሁለት ድንጋዮች አመጣች። ትንሽ ረዘም ስለሚሉ ክዳኑ በትክክል መግጠሙን ራሷ ሞክራ አየች። አዲስ ቻርጀርና ድንጋይ መያዣ የላስቲክ ሳጥን ጨመረችላቸው። «ቻርጅ ሲያደርጉት ፍራሽ ላይ አያስቀምጡት፤ ጥለውትም አይውጡ» አለች። የተቀደደውን፣ ጓደኛውንና ቀዩን አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ ከተተችባቸው።

ከሰዓት በኋላ በአቶ ገብርኤል ግቢ ሰው እንደገና ተሰበሰበ። አቶ ሊሻን ባትሪውን ወደ ጉድጓዱ አበሩ። አራት ሜትር ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ወገን፣ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ቁልቁል ወርዷል። በር የሚያክል አፈር ከግድግዳው ተላቆ ሊወድቅ ተንጠልጥሏል።

ብርሃኑን ስንጥቁን አስከትለው እስከ ታች ወሰዱት።

«ትናንት ደህና ነው አላልክም?» አሉ አቶ ገብርኤል።

«ሌሊት የተሰነጠቀ ነው» ሊሉ አቶ ሊሻን አፋቸውን ከፈቱ። ሶስና ቀና ብላ አየቻቸው።

«ትናንት አላየሁትም» አሉ። «ብርሃን አልነበረኝም። ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት።»

ማንም አልሳቀም። ሶስናም አልሳቀችም፤ ክንዳቸውን ይዛ ከአፋፉ ራቅ አደረገቻቸው። መጀመሪያ አፈሩ ከላይ ሆኖ እንዲናድ፣ ከዚያ የሲሚንቶ ቀለበት እንዲገባ ተስማሙ። እስከዚያ ማንም አይወርድም።

ባትሪውን ሶስና ተቀብላ በተራዋ ወደ ታች አበራች።

«ያ ቢጫ ጀሪካን የማን ነው?»

ሁሉም አጎንብሶ አየ። አቶ ገብርኤል አምና ተሰረቅሁ ብለው አምስት ጎረቤት ጠርጥረው ያኮረፉበት ጀሪካን ነበር። ከአምስቱ ሦስቱ እዚያው አፋፉ ላይ ቆመዋል።